ደጅ ያሉት ሙታን፣ ቤት ያለው ጠብ

አስፈሪ ፊልም የማትወዱ ከሆነ ይህን ገጽ ቶሎ አትግለጡት። ስለ ሬሳና ስለ ደም የማወራ እመስላለሁ፤ ዋናው ጉዳዬ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ስለተዘጋባቸው ሰባት ሰዎች፣ ከእነሱም ውስጥ ስለ አንድ ባልና ሚስት እና ስለታመመች ልጃቸው ነው። አስፈሪ ፊልም የምትወዱ ደግሞ ከወዲሁ እወቁት፤ የሁለቱንም ፊልሞች መጨረሻ እናገራለሁ። መጨረሻቸውን ደብቆ እነሱን ማወዳደር አይቻልም።

ፊልሞቹ ሁለት ናቸው፤ ስማቸው ግን አንድ ነው፦ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»። በእኛ አነጋገር «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በጥቁርና ነጭ ሠራው። ሁለተኛው፣ የፊልም ወዳጆች «ሪሜክ» የሚሉት፣ በ1990 በቀለም ተሠራ። ዳይሬክተሩ ቶም ሳቪኒ ነው፤ ስክሪፕቱን የጻፈው ግን ራሱ ሮሜሮ ነው። አንድ ደራሲ ከ22 ዓመት በኋላ ወደ ገዛ ታሪኩ ተመልሶ «ዛሬ ቢሆን እንዴት እጽፈው ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ የምናይበት አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እኛ ቤት ሁለቱንም በተከታታይ ሁለት ቅዳሜ ማታዎች አየናቸው፤ እኔ፣ ባለቤቴ እና የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃችን። ታናሽ ወንድሟን ለእነዚያ ሁለት ምሽቶች አያቱ ቤት ላክነው። ለምን እንደላክነው በኋላ እመለስበታለሁ።

ታሪኩ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚጀምረው። ባርባራ እና ወንድሟ ጆኒ ረጅም መንገድ ነድተው ወደ አንድ የገጠር መቃብር ስፍራ ይመጣሉ። በድሮው ፊልም የመጡት የአባታቸው መቃብር ላይ የአበባ ጉንጉን ሊያኖሩ ነው፤ በአዲሱ የእናታቸውን መቃብር ሊያዩ ነው። ጆኒ በመንገዱ ርዝመት ይነጫነጫል፤ እህቱ መቃብር እንደምትፈራ ስለሚያውቅ ያሾፍባታል። ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር «ይህን ሁሉ መንገድ ለምን?» እያለ የሚያጉረመርም ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ጆኒን ታውቁታላችሁ። ወዲያው አንድ የሚንገዳገድ ሰው ብቅ ይላል። ጆኒ እዚያው ይሞታል። ባርባራ ሮጣ ባለቤቶቹ የሌሉበት አንድ የገበሬ ቤት ትገባለች።

ቤን የሚባል ጥቁር ሰው ተከትሎ ይደርስና በሩንና መስኮቱን በሳንቃ መምታት ይጀምራል። ቤዝመንቱ ውስጥ ደግሞ አምስት ሰዎች ተደብቀው ኖረዋል፦ ሃሪ ኩፐር፣ ሚስቱ ሄለን፣ ከሙታኑ በአንዱ ተነክሳ ራሷን የሳተች ትንሽ ልጃቸው፣ እንዲሁም ቶም እና ጁዲ የሚባሉ ወጣት ፍቅረኞች። ውጭ ሙታኑ እየበዙ ይሄዳሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ሌሊት ነው።

የድሮው ፊልም የተሠራው በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ከፒትስበርግ ከተማ ብዙም በማይርቅ ገጠር፣ ወደ 114,000 ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ነው። ለፊልም ይህ በዚያን ጊዜም ትንሽ ገንዘብ ነበር። ደም ሆኖ የሚታየን የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሃሪ ኩፐርን ሆኖ የሠራው ካርል ሃርድማን ከፊልሙ ፕሮዲውሰሮች አንዱ ነበር፤ ቤዝመንት የተኛችው ልጅም በእውነተኛው ሕይወት የራሱ ልጅ ናት። «ዞምቢ» የሚለው ቃል በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን አይሰማም። ስሙን የሰጠናቸው በኋላ የመጣን ተመልካቾች ነን። የፊልሙ ርዕስ ሲለወጥ የባለቤትነት መብት ማሳወቂያው አብሮ ከፊልሙ ላይ ስለወደቀ ማንም ሰው እንደፈለገ ሊያባዛውና ሊያሳየው ቻለ። ዓለም ያወቀው ፊልም ለሠሪዎቹ የሚገባቸውን ያህል ገንዘብ አላመጣላቸውም። ሪሜኩ እንዲሠራ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። ቤን «ላይ እንሁን፤ መስኮቶቹን እንዝጋ፤ ቢብስብን መውጫ ይኖረናል» ባይ ነው። ሃሪ ደግሞ «ቤዝመንት እንግባ፤ የሚጠበቀው አንድ በር ብቻ ነው» ይላል። ቤን ደፋር ነው፤ እጁ ሥራ አይፈታም፤ ለማያውቃት ሴት ይጨነቃል። ሃሪ ቁጡ ነው፤ ሲናገር ይጮኻል፤ ስለ ራሱ ሰዎች እንጂ ስለ ሌላው ግድ የለውም። ተመልካች ሳያመነታ ከቤን ጎን ይቆማል። እኛም ሦስታችን ቆምን።

መጨረሻ ላይ ሳንቃዎቹ ይሰበራሉ፤ ሙታኑ ቤቱን ይሞሉታል። ቤን እስኪነጋ በሕይወት የሚቆየው የት ገብቶ መሰላችሁ? ቤዝመንት። ያ ሌሊቱን ሙሉ የጠላነው ሰው ልክ ነበር። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «ልክ መሆን ብቻውን ምን ያደርጋል? አነጋገሩን አላየሽም?» አለኝ። አባባሉ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሃሪ ያን ሐሳብ በለዘበ ድምፅ አቅርቦት ቢሆን፣ ቤንም የሰውየውን ጠባይ ትቶ ሐሳቡን ብቻ ቢሰማ ኖሮ ሰባቱም ጠዋቱን ያዩ ነበር ይሆናል። ሁለቱ ግን ስለ በሩ መነጋገሩን ትተው ማን አለቃ ይሁን ወደሚለው ገቡ። ቤን በግልጽ ይናገረዋል፤ ታች አለቃ መሆን ትችላለህ፣ እዚህ ላይ ግን አለቃው እኔ ነኝ ይለዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጅቷ የት ናት? ታች፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች። አዋቂዎቹ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ሳንቃው ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው በወለሉ በኩል እየወረደ ይሰማታል ወይስ አይሰማትም፣ ፊልሙ አይነግረንም። እናትየው ሄለን ከባሏ ጋር ደስተኛ እንዳልሆነች አትደብቅም፤ ግን አብሮ መኖሩ ካላስደሰተን አብሮ መሞቱ ምን ይፈይድልናል የምትል ሴት ናት። ኋላ ላይ ልጅቷ ሞታ ትነሳለች፤ የምትገድለውም እናቷን ነው። ሄለን ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፤ በልጇ ላይ ግን እጇን አታነሳም። ብዙ ደም የሚፈስባቸው ፊልሞች አይቻለሁ። እንደዚያ ትዕይንት ያስጨነቀኝ የለም፤ ምክንያቱም የትኛዋም እናት በዚያ ቦታ ብትሆን እጇን የምታነሳ አይመስለኝም።

አዲሱ ፊልም እዚህ ጋ አንድ ነገር ጨምሯል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ልጅቷ ሞታ ተነሥታ ወደ ላይ ስትወጣ አባትየው ሃሪ በጠመንጃው አፍ እና በልጁ መካከል ይገባል። ልጁ እንዳልሆነች ዓይኑ እያየ ልቡ እሺ አይለውም። ተኩስ ይከፈታል፤ እሱም ቤንም ይቆስላሉ። ይህ ሰው በፊልሙ ሙሉ ከሠራው ሥራ ፍቅር የሚታይበት ይህ ብቻ ነው፤ ሁሉንም የሚያጠፋውም ይኸው ነው። በቀረው ግን የአዲሱ ፊልም ሃሪ ከመጠን በላይ ይጮኻል። የድሮው ሃሪ የምናውቀው ዓይነት ሰው ነው፤ በየቤተሰቡ፣ በየቢሮው አንድ አለ። አዲሱን ለመጥላት ምንም ድካም የለውም። ለመጥላት የሚቀል ሰው ደግሞ ራሳችንን እንድንጠይቅ አያደርገንም።

ልጄን ከሁሉ በላይ ያናደዳት የድሮዋ ባርባራ ነበረች። ቤቱ ከገባች በኋላ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ በኋላ የረባ ነገር አትሠራም። ትፈዛለች፤ አንዳንዴ ስለ ጆኒ ትለፈልፋለች፤ ተመልሳ ዝም ትላለች። «እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትነሳው?» ስትለኝ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ መልሱን አገኘች። የ1990ዋ ባርባራ፣ ፓትሪሺያ ታልማን የሠራቻት፣ መጀመሪያ ላይ እንደ ቀድሞዋ ትንቀጠቀጣለች። ቆይታ ግን ጉርዷን ትታ ሱሪ ታጠልቃለች፤ ቦት ጫማ ትጫማለች፤ ጠመንጃ ታነሳለች። ከሁሉም በላይ ታያለች። ሁለቱ ወንዶች ላይ ወይስ ታች እያሉ ሲጨቃጨቁ እሷ መስኮት አጠገብ ቆማ «እነዚህ እኮ ዘገምተኞች ናቸው፤ በመካከላቸው አልፈን መሄድ እንችላለን» የሚል ሐሳብ ታመጣለች።

የሚሰማት የለም። ልጄ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። እኔም ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም ይህን ከዞምቢ ጋር የማይገናኝ ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ። ሁለት ሰዎች በሁለት ሐሳብ ተፋጠው ሲጨቃጨቁ ሦስተኛው ሐሳብ ከጓዳ ይመጣል፤ ቡና ከምታፈላው፣ ሁሉንም ስትሰማ ከቆየችው ሰው። ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ ያን ሦስተኛ ሐሳብ ተናግራችሁ «ቆይ አንቺ» ተብላችኋል? በመጨረሻ ባርባራ ብቻዋን ወጥታ በሙታኑ መካከል ትሄዳለች። ትድናለችም። ትክክለኛው መልስ የእሷ ነበር።

በዚህ ረገድ አዲሱ ፊልም አሸንፏል። ሮሜሮ ሴቲቱን ከሶፋው ማንሳቱ ተገቢ ነበር። ቢሆንም ለድሮዋ ባርባራ አንድ ቃል ልናገርላት እፈልጋለሁ፤ ለልጄም የነገርኳት ይህንኑ ነው። እኛ መርዶ የተረዳ ሰው ምን እንደሚመስል እናውቃለን። የሚጮኸው አለ፤ ደረት የሚመታው አለ፤ ዝም ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን የሚያየውም አለ። ያን ዝም ያለ ሰው «ተነሥተህ ሥራ» አንለውም፤ አጠገቡ እንቀመጣለን። ባርባራ ወንድሟ ዓይኗ እያየ ከሞተ ገና አንድ ቀን አልሞላትም። በዚያ ቤት አጠገቧ የተቀመጠ የለም፤ ሁሉም ሥራ ይዟል። በድሮው ፊልም የምትሞተውም ከሙታኑ ጋር ተመልሶ የመጣው ወንድሟ ጆኒ ጎትቶ ሲወስዳት ነው። ሐዘኗ ራሱ መጥቶ ወሰዳት ብል የተጋነነ አይመስለኝም። አዲሷ ባርባራ ጀግና ናት፤ ለማልቀስ የተሰጣት ጊዜ ግን በጣም አጭር ነው።

የሁለቱ ፊልሞች ትልቁ ልዩነት መጨረሻቸው ላይ ነው። በድሮው ፊልም ሌሊቱ ይነጋል። የታጠቁ የአካባቢው ሰዎች ከሸሪፉ ጋር ሜዳውን እያጸዱ ይመጣሉ። ቤን ድምፃቸውን ሰምቶ ከቤዝመንቱ ይወጣና በመስኮት ይመለከታል። ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ግንባሩን ይሉታል። ከዚያ ፊልሙ እንደ ጋዜጣ ፎቶ ሻካራ በሆኑ ምስሎች ሬሳው በመንጠቆ ሲጎተትና እሳት ላይ ሲጣል ያሳየናል። ይኸው ነው። የሚያጽናና ሙዚቃ የለም፤ የሚጸጸት ሰውም የለም።

ቤንን የሠራው ዱዌይን ጆንስ ነው። ስክሪፕቱ ቤን ጥቁር ይሁን አይልም፤ ሮሜሮ ጆንስን የመረጠው ለሙከራ ከመጡት ሁሉ ስለበለጠ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። በፊልሙ ውስጥም ስለ ቆዳ ቀለሙ አንድ ቃል የሚናገር ሰው የለም። ሮሜሮ ያለቀውን ፊልም መኪና ላይ ጭኖ አከፋፋይ ፍለጋ ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ ግን የማርቲን ሉተር ኪንግን መገደል በሬዲዮ ሰማ። ቀኑ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ ወዲያ የታጠቁ ነጮች አንድን ጥቁር ሰው ማንነቱን ሳይጠይቁ በጥይት ሲጥሉት አይቶ «ይህ የዞምቢ ፊልም ነው» ብሎ ማለፍ የሚችል ተመልካች አልነበረም። ፊልሙ በ1999 ተጠብቀው እንዲቆዩ በተመረጡ የአሜሪካ ፊልሞች ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ የገባውም ከዘውጉ በላይ ስለሆነ ይመስለኛል።

በ1990ው ፊልም ቤን፣ ቶኒ ቶድ የሠራው፣ ቆስሎ ቤዝመንት ውስጥ ይሞትና ከሙታኑ አንዱ ሆኖ ይነሳል። ስለዚህ ሲተኩሱበት የገደሉት ዞምቢ ነው፤ በስሕተት የሞተ ሰው የለም። ባርባራ ከታጠቁት ሰዎች ጋር ስትመለስ ሙታኑን ዛፍ ላይ እየሰቀሉ፣ በአጥር ውስጥ እያታገሉ ሲጫወቱባቸው ታያለች፤ ከእነሱ በምን እንለያለን የሚል ሐሳብም ይመጣባታል። በዚያው ቅጽበት ከጣሪያው ስር ተደብቆ ያደረው ሃሪ በሕይወት ይወጣል። ባርባራ ተኩሳ ትገድለዋለች፤ ለታጠቁት ሰዎችም ይህም ይቃጠል ብላ ትሄዳለች።

ልጄ «ደግ አደረገች!» አለች። ባለቤቴ ዝም አለ። እኔም ትንሽ ቆይቼ «ሰውየው ዞምቢ ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። መልስ አልሰጠችኝም። እራት ዕቃ ስናነሳ ነው «ግን እኮ ሕያው ነበር» ያለችው፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

ሁለቱን ፊልሞች አንድ ላይ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የድሮው ፊልም ግፍ አሳይቶን ያስቆጣናል። አዲሱ ግፍ አሳይቶን ያስጨበጭበናል፤ ከዚያ ለምን እንዳጨበጨብን ራሳችንን እንድንጠይቅ ይተወናል። የመጀመሪያው ቁስል ይበልጥ ያመኛል፤ ሁለተኛው ግን ለመነጋገር የተመቸ ነው። ዱሮውን ብቻ ያየ ሰው ክፋቱን ከታጠቁት ሰዎች ጋር ትቶት ሊተኛ ይችላል። አዲሱን ያየ ሰው የምንወዳት ጀግና እጅ ላይ ስለሚያገኘው መሸሻ ያጣል።

ስለ ትንሹ ልጄ ላስረዳ። የድሮው ፊልም በጥቅምት 1968 እ.ኤ.አ. ፒትስበርግ ውስጥ መታየት ሲጀምር አሜሪካ ዛሬ የምናውቀው የፊልም የዕድሜ ደረጃ አልነበራትም፤ እሱ የመጣው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ሕፃናት በቀን ትርዒት ገብተው ያዩት ነበር። የፊልም ሐያሲው ሮጀር ኢበርት አንዱን ትርዒት ከልጆች ጋር ገብቶ አይቶ በ1969 መጀመሪያ ጽፏል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፤ በኋላ አዳራሹ ጸጥ ይላል። አንዲት ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት የምትመስል ልጅ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ልጆቹ ጀግናው እንደሚድን፣ ልጅ እንደማይሞት፣ አዋቂዎች መፍትሔ እንደማያጡ እያመኑ ነበር የገቡት።

ትንሹ ልጄ ገና ያን ያምናል፤ ትንሽ ጊዜ እንዲያምንም እፈልጋለሁ። በእኔ ግምት እነዚህ ፊልሞች ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆኑም። ጥቁርና ነጭ መሆኑ አያታላችሁ፤ የድሮው ቢብስ እንጂ አይሻልም። ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ ግን መጀመሪያ የ1968ቱን፣ ከሳምንት በኋላ የ1990ውን አብራችሁ እዩ። ስልኮቹን አርቋቸው። ሲያልቅ ቶሎ መብራት አታብሩ፤ ቶሎም አታስተምሩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «አንተ ብትሆን ላይ ወይስ ታች?» የቀረውን ልጆቻችሁ ራሳቸው ያመጡታል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በሁለቱም ፊልሞች ሰዎቹ የማምለጥ ተስፋ ያላቸው በደጅ ባለች ፒክአፕ ነው፤ ቤንዚን ግን የላትም። መቅጃው ግቢው ውስጥ ቢሆንም ተቆልፏል። በአዲሱ ፊልም የያዟቸውን ቁልፎች ቢሞክሩም አልገጥም ይላሉ፤ ቶም ቁልፉን በጥይት ሲመታው ቤንዚኑ ይቀጣጠልና ከጁዲ ጋር ይሞታሉ። በኋላ ቤን ቆስሎ ቤዝመንት ሲወርድ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል። የመቅጃው ቁልፍ እዚያ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ነበር። ቤን ይስቃል፤ ሌላ ምን ያደርጋል?

ላይ የሚሉት ታች አልወረዱም። ታች የሚሉት ደግሞ ስለ በሩ ሲሟገቱ በዙሪያቸው ያለውን አላዩም። ሙታኑ ደጅ ናቸው፤ ቁልፉን የደበቀው ግን ከሙታኑ አንዱም አልነበረም።